የጓሮ ዶሮ እንዲፈቀድ የከተማ ምክር ቤትን ማሳመን፦ ደንቡን ከማንበብ እስከ ድምፅ አሰጣጡ

በብዙ ከተሞች ሁለት ትልልቅ ውሾች ማሳደግ ማንንም አያስጠይቅም። ሦስት ሴት ዶሮ ጓሮ ውስጥ ማኖር ግን ያስቀጣል። ክልከላው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዶሮን ከከብት፣ ከአሳማና ከፈረስ ጋር «የእርሻ እንስሳ» በሚል አንድ መደብ ከመክተት ነው። ስለ ሦስት ዶሮ ማንም ተቀምጦ አላሰበበትም። ለእኛ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ያልታሰበበትን ነገር ማሳሰብ፣ የታሰበበትን ከማስቀየር ይቀላል።

ሲቻልም ታይቷል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘው ማዲሰን፣ ነዋሪዎቿ ተደራጅተው በመጠየቃቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቅዳለች። የካናዳዋ ቫንኩቨር በ2010 ተከተለች። የፈረንሳይዋ ኮልማርና አካባቢዋ ደግሞ ከመፍቀድም አልፈው ከ2015 ጀምሮ የቤት ቆሻሻ እንዲቀንስ ብለው ለነዋሪዎች ዶሮ አድለዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የምክር ቤት አባል ዶሮ ጠልቶ አይደለም የሚቃወመው። የሚፈራው ስልክ ነው። ከድምፅ አሰጣጡ ማግስት ጀምሮ «ሸተተኝ»፣ «አላስተኛ አለኝ»፣ «አይጥ መጣብኝ» የሚል ስልክ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ግብ አለው፦ ያ ስልክ የመደወል ዕድሉ ጠባብ እንደሆነ፣ ቢደወልም ማን ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ማሳየት። ስለ ዶሮ ፍቅራችሁ ከምታወሩት ይልቅ ይህ ወረቀት ነው ድምፅ የሚያመጣው።

1. ደንቡን ራሱን አንብቡ

«ክልክል ነው አሉ» በሚል ወሬ ዘመቻ አይጀመርም። የደንቡን ሙሉ ጽሑፍ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ወይም ከድረ ገጹ አውጡ። ስለ ዶሮ የሚናገረው አንቀጽ አንድ ቦታ ላይ ላይገኝ ይችላል። የእንስሳት አያያዝ ደንብ፣ የመሬት አጠቃቀም ደንብ፣ የጤናና ንጽሕና ደንብ፣ የሁከት መከላከያ ደንብ፣ አራቱንም ተመልከቱ። ከእንስሳት አያያዙ ደንብ ላይ ክልከላውን አስነስታችሁ የመሬት አጠቃቀሙ እንደነበረ ከቀረ፣ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ካነበባችሁ በኋላ ከሦስት ነገሮች አንዱን ታገኛላችሁ። ወይ ደንቡ ዶሮን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ወይ ስለ ዶሮ ምንም አይልም። ወይ ደግሞ በወረቀት ይፈቅድና የዶሮ ቤቱ ከአጥር ወይም ከጎረቤት ማንም ሊያሟላው የማይችል ርቀት እንዲኖረው ይጠይቃል። ሁለተኛው ከሆነ ወደ ምክር ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ምናልባት የሚፈቅድላችሁ አካል ላያስፈልግ ይችላል። በቃል «ችግር የለውም» መባል ግን ዋስትና አይሆንም። ዛሬ ችግር የለውም ያለው ሠራተኛ ነገ ሊቀየር ይችላል።

የአንቀጹን ቁጥርና ቃሉን እንዳለ ገልብጣችሁ ያዙ። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ሙሉ አዲስ ደንብ ሳይሆን «የእርሻ እንስሳ» ከሚለው ትርጓሜ ውስጥ አንድ ቃል ማውጣት ብቻ ነው። ከከተማው በላይ ያለውን የአገር ወይም የክልል ሕግም ተመልከቱ፤ ምክር ቤቱ እሱን መሻር አይችልም። የኪራይ ውልና የመኖሪያ ቤት ማኅበር ደንብም እንዲሁ። ከተማው ቢፈቅድም አከራይ ሊከለክል ይችላል፤ ይህን ለደጋፊዎቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

2. የሚወስነውንና የሚጽፈውን ለዩ

ድምፅ የሚሰጡት የምክር ቤት አባላት ናቸው። አባላቱ የሚያነቡትን አስተያየት የሚጽፉት ግን ባለሙያዎቹ ናቸው፦ የእንስሳት ቁጥጥር፣ የጤና፣ የፕላንና የደንብ ማስከበር ሠራተኞች። የባለሙያው ሪፖርት «አንመክርም» ካለ አባላቱን ማሳመን አቀበት ይሆናል። ብዙ ዘመቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው በቀጥታ ወደ ፖለቲከኛው ይሄዳል፤ ሥራው የሚወድቅበትን ሠራተኛ ግን ማንም አያናግረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደንብ አስከባሪውንና የእንስሳት ቁጥጥር ኃላፊውን አግኙ። ፍቀዱልን አትበሏቸው። ይልቅ «ደንቡ ምን ቢኖረው ሥራ አይበዛባችሁም?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «ቤት ለቤት እየዞርኩ ዶሮ መቁጠር አልችልም» ይላችኋል። ሌላው «ያመለጠች ዶሮ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም» ይላል። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ጻፏቸውና በረቂቃችሁ ውስጥ መልስ ስጧቸው።

ከዚያ የምክር ቤቱን ጸሐፊ ጠይቁ፦ አንድ ጉዳይ አጀንዳ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? የትኛው ኮሚቴ ያየዋል? ረቂቅ ስንት ጊዜ ይነበባል? ሰነድ የማስገቢያው ቀን መቼ ነው? በብዙ ቦታ ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ሕዝብ የሚናገረው ደግሞ በአንዱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ቀን አምልጧችሁ ከሄደ ሌላ ዓመት ልትጠብቁ ትችላላችሁ።

3. ሰው አሰባስቡ፤ ዶሮ ወዳጆችን ብቻ ግን አይደለም

አምስት ስድስት ሰው ይበቃል ለመነሻ። አንዱ ደንቡን ያጥና፣ አንዱ ፊርማ ያሰባስብ፣ አንዱ ከአባላቱ ጋር ቀጠሮ ይያዝ። ቃል አቀባያችሁ አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ሰው ሦስት ቁጥር ከተናገረ ጉዳዩ ያልበሰለ ይመስላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደጋፊ ዶሮ የማይፈልግ ሰው ነው። «እኔ አላረባም፤ ጎረቤቴ ቢያረባ ግን ቅር አይለኝም» የሚል አንድ ሰው ከአሥር ዶሮ ወዳጅ በላይ ክብደት አለው፤ አባሉ የሚፈራው ቅር የሚለውን ሰው ነውና። የእንስሳት ሐኪም፣ የሳይንስ መምህር፣ የጓሮ አትክልት የሚያለማ ሰው ብታገኙ ጨምሩ። ፊርማ ስታሰባስቡ አድራሻና የምርጫ ክልል የሚሞላበት ቦታ ይኑረው። ከከተማው ውጭ ካለ ሰው የመጣ ሺህ ፊርማ አባሉን አያንቀሳቅሰውም። ከራሱ ሰፈር የመጣ ሃምሳ ፊርማ ግን ያነበዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከመሃላችሁ አሁን በድብቅ ዶሮ ያላቸው ይኖራሉ። ፎቶ እየለጠፉ ዘመቻው ላይ ፊት ለፊት አይውጡ። አንድ ቅጣት ከመጣ ጨዋታው ይቀየራል፤ ስለ ጥሩ ደንብ የነበረው ወሬ ስለ ሕግ ጣሽ ይሆናል።

4. ጎረቤትን ቀድማችሁ አነጋግሩ

ተቃዋሚ የሚበረታው ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው። «ዶሮ ሊፈቅዱ ነው አሉ» ሲባል አእምሮው ውስጥ የሚመጣው ንጋት ላይ የሚጮህ አውራና የሚሸት ጓሮ ነው። ከእናንተ አፍ ከሰማ ግን ትክክለኛውን ነገር ይሰማል። በር አንኳኩና እንዲህ በሉ፦

«ጎረቤት፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የመጣሁት። ከተማው አራት ሴት ዶሮ በጓሮ እንዲፈቅድ ልንጠይቅ ነው። አውራ ዶሮ አይኖርም። ቢፈቀድ ቤታቸውን የምሠራው እዚያ ጥግ ላይ ነው፤ ከመኝታ ቤትዎ መስኮት ይርቃል። እርስዎን የሚያሳስብዎት ነገር ካለ ንገሩኝ።»

ከዚያ ዝም በሉ። አትከራከሩ። ዝንብ ካሉ ዝንብ ብላችሁ ጻፉ። ውሻዬ ይጮህባቸዋል ካሉም ጻፉ። በሳምንቱ መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ፦ «ያኔ ስለ ዝንብ ያሉኝን አስቤበት ነበር፤ ኩሱን በክዳን በሚዘጋ በርሜል ነው የማከማቸው፤ ረቂቁ ላይም አስገብተነዋል።» የሰው ቅሬታ ቃል በቃል ረቂቅ ውስጥ ገብቶ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ይለዝባል። ባይደግፍ እንኳ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ላይቃወም ይችላል። ያም ትልቅ ነገር ነው።

5. ለተቃውሞው መልስ አዘጋጁ

ይህ ክፍል ረጅም ነው፤ ብታሳጥሩት ግን ዘመቻችሁ ይጎዳል። መልሶቹን አጥኗቸው፣ ግን አታጋንኑ። አንድ የተጋነነ ቁጥር ከተያዘባችሁ እውነተኞቹንም ማንም አይሰማችሁም።

ድምፅ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። ስለዚህ አውራን ሙሉ በሙሉ መከልከል ከእንቁላሉ ምንም አይቀንስም። ሴት ዶሮ እንቁላል ስትጥል ለጥቂት ደቂቃ ታስካካለች። ድምፁ በቅርብ ሲለካ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ከሰዎች ንግግር ብዙም አይርቅም። የትልቅ ውሻ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ሲመሽ ደግሞ ቆጥ ላይ ወጥታ ትተኛለች፤ ካልደነገጠች እስኪነጋ ድምፅ የላትም።

ሽታ። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ኩስ ትጥላለች። አራት ዶሮ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፤ ከአንድ ትልቅ ውሻ በመጠኑ ቢበልጥ ነው። ሽታው የሚመጣው ኩሱ ሲረጥብና አሞኒያ ሲያወጣ ነው። ስለዚህ የሽታ ጥያቄ በመሠረቱ የእርጥበት ጥያቄ ነው። ጣሪያው የማያፈስ፣ ነፋስ የሚያስገባ ቤት፤ ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ፤ ከቆጡ ሥር ዘወትር የሚጠረግ ኩስ። ብዙው ሌሊት እዚያ ስለሚወድቅ ጠዋት ለመጥረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ለአባላቱ ይህንን በፎቶ አሳዩአቸው። የተጠረገው ኩስ ከጭድ ጋር ሲበሰብስ ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል፤ በደንብ ሳይበስል ግን ጥሬ የሚበላ አትክልት ላይ አይደረግም።

አይጥ። እዚህ ላይ ሐቀኛ ሁኑ። ጥሬ ሜዳ ላይ ከተበተነ አይጥ ይመጣል። አይጡን የሚጠራው የተረፈው መኖ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን የምትበላው 120 ግራም ያህል ነው፤ ያንኑ መዝናችሁ ስጡ። ማታ መመገቢያውን አንሱ፣ መኖውን ክዳን ባለው የብረት በርሜል አስቀምጡ። የዶሮ ቤቱን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጉት ሥሩ መደበቂያ አይሆንም። ሽቦው ዓይኑ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ወንፊት ይሁን። ባለ ስድስት ማዕዘን ዓይን ያለው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይይዛታል እንጂ አይጥንም ሆነ ሌላ አዳኝ እንስሳን አያስቆምም።

በሽታ። ከሁሉም ክብደት የሚሰጠው ይህ ነው፤ እንዳታቃልሉት። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። መፍትሔው ቀላል ግን የማይታለፍ ነው፦ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ዶሮን አለመሳምና ፊት ላይ አለማስጠጋት፣ የዶሮ ቤት ጫማን ወደ ቤት አለማስገባት። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች የበለጠ ይጠንቀቁ።

የወፍ ጉንፋን ጥያቄ ደግሞ በእርግጠኝነት ይነሳል። ኤች5ኤን1 የተባለውን ቫይረስ በተለይ የዱር የውሃ ወፎች ያዛምቱታል። ስለዚህ መንቀሳቀሻው ጣሪያ ይኑረው፤ ውሃና መኖው የዱር ወፍ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ድንገት ዶሮዎች ከሞቱ ደግሞ ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ እንዲሆን ደንቡ ላይ ይግባ። መመዝገብ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ አንዲት ዶሮ ያለው ሰው እንኳ መመዝገብ አለበት፤ በሽታ ሲነሳ ባለሥልጣኑ ለማን እንደሚነግር ያውቃል። በድብቅ የተያዘች ዶሮ ግን ብትታመም ማንም አይናገርም። «መከልከሉ ዶሮን አያጠፋም፤ ከእይታ ያጠፋዋል እንጂ» የሚለው ክርክር ጤና ክፍሉ ዘንድ ውሃ ያነሳል። ስለ ፈንግል ክትባትም ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ያካባቢያችሁን አሠራር እወቁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አባላቱ ላያነሱት ይችላሉ፤ እናንተ አንሱት። በድሮ ቀለምና በመኪና ጭስ የተበከለ የከተማ አፈር ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ዶሮ አፈሩን ስትጭር ወደ እንቁላሏ ይገባል። በአሮጌ ሰፈር ያለ ሰው አፈሩን ቢያስመረምር ወይም ንጹሕ አፈር ቢያለብስ ይመከራል ብላችሁ መመሪያው ላይ ጻፉ። ራሳችሁ ድክመቱን ስታነሱ ሌላው ንግግራችሁም ይታመናል።

ያረጀች ዶሮ። ዶሮ በደንብ የምትጥለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ነው፤ ዕድሜዋ ግን ከዚያ በላይ ይዘልቃል። «ከዚያስ መንገድ ላይ ልትጥሏት ነው?» ይባላል። ሁለት ነገር ያዙ፦ መጣል በቅጣት የተከለከለ ይሁን፤ ያረጀች ዶሮ የሚቀበል ሰው ወይም ማኅበር ስም ዝርዝር በእጃችሁ ይኑር።

ስለ ጥቅሙ ስትናገሩም ልክ ይኑራችሁ። «እንቁላል ይረክሳል» አትበሉ። የዶሮ ቤቱና መኖው ሲደመር ከገበያ ላይቀንስ ይችላል፤ ሂሳብ የሚያውቅ አባል ወዲያው ይይዛችኋል። የምግብ ትርፍራፊ ይቀንሳል የሚለውንም ሕጋችሁን ሳታዩ አትጥቀሱ። በእንግሊዝ ለምሳሌ በተለመደ ወጥ ቤት ያለፈ ትርፍራፊ ለዶሮ መስጠት በበሽታ ሥጋት የተከለከለ ነው። ልጆች ምግብ ከየት እንደሚመጣ ያያሉ፣ ማዳበሪያ ይገኛል፣ እንቁላሉ ትኩስ ነው። እነዚህ በቂና እውነት ናቸው።

6. ረቂቁን ራሳችሁ ጻፉ

ለአባላቱ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሥራ ሰጣችኋቸው ማለት ነው። ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ረቂቅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ሥራ ቀነሳችሁላቸው። ከእናንተ ጋር በሕዝብ ብዛት የሚመሳሰሉ፣ የፈቀዱ ከተሞች ደንብ ፈልጉና አጠገባችሁ ያለውን አስቀድሙ። አባል ከሩቅ አገር ይልቅ የጎረቤት ከተማን ምሳሌ ያምናል። ዘመቻችሁ ከመጠናቀቁ በፊት ወደዚያ ከተማ ደንብ ማስከበሪያ ደውሉና «ስንት ቅሬታ ይደርሳችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ቢልኩላችሁ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይሠራል።

ቁጥር። ዶሮ ብቻዋን መኖር አትወድም፤ የመንጋ እንስሳ ናት። ስለዚህ ከሦስት በታች አትጠይቁ። ቫንኩቨር አራት ፈቅዳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት መጠየቅ ተገቢ ነው።

አውራ። ይከልከል። ግን አንድ ቀዳዳ ድፈኑ። ጫጩት ሲገዛ ጾታው ሁልጊዜ በትክክል አይለይም። ሰው ሴት ብሎ የገዛት ሁለት ሦስት ወር ሲሞላት መጮህ ትጀምራለች። ቫንኩቨር የሚገቡት ዶሮዎች ቢያንስ አራት ወር የሞላቸው እንዲሆኑ ደንግጋለች፤ ያን ጊዜ ጾታው ስለሚታወቅ ጥያቄው ከሥሩ ይዘጋል። ጫጩት የማሳደግ ፍላጎት ካላችሁ ደግሞ «አውራ መሆኑ እንደታወቀ በ14 ቀን ውስጥ ይወገድ» የሚል አንቀጽ አስገቡ።

ርቀት። ደንብ በወረቀት ፈቅዶ በተግባር የሚከለክለው እዚህ ጋ ነው። ጓሮው 10 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ደንቡ የዶሮ ቤቱ ከእያንዳንዱ የጎን አጥር 5 ሜትር ይራቅ ቢል፣ 5 እና 5 ሲደመር 10 ነው፤ ቤቱን የምትተክሉበት ቦታ የለም። 3 ሜትር ቢል መሃል ላይ 4 ሜትር ይቀራል፤ ለአራት ዶሮ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ርቀቱ ከአጥር ሳይሆን ከጎረቤት መኖሪያ ቤት ቢለካ ነው። የሚታወከው ሰው የሚኖረው ቤቱ ውስጥ ነውና። የከተማችሁን የተለመደ የጓሮ መጠን በወረቀት ሥላችሁ የተለያዩትን ርቀቶች አስምሩበት። ይህ አንድ ሥዕል ኮሚቴ ላይ የብዙ ደቂቃ ክርክር ያስቀራል።

ቤቱ። ለአንዲት ዶሮ ውስጡ 0.4 ካሬ ሜትር ገደማ፣ መንቀሳቀሻው 1 ካሬ ሜትር ገደማ። በመቀርቀሪያ የሚዘጋ በር፣ ማታ የሚዘጋ። ከፊት ለፊት ጓሮ ሳይሆን ከኋላ።

ሌላው አጭር ነው። እርድ በጓሮ ይከልከል፤ የእንቁላል ሽያጭም ቢከለከል አትከራከሩ፣ የንግድ ፈቃድ ጥያቄ ከዘመቻው ጋር እንዳይቀላቀል። ምዝገባ ይኑር፤ ክፍያው አስተዳደራዊ ወጪውን የሚሸፍን ያህል ይሁን። የካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ዶሮ ለሚያኖሩ ፈቃድ ከመስጠቷ በፊት ሥልጠና እንዲወስዱ ትጠይቃለች፤ ባለሙያዎቹ ካመነቱ ይህን አቅርቡ። በመጨረሻ የደንብ አስከባሪውን ጥያቄ መልሱ፦ ቁጥጥሩ ቅሬታ ሲመጣ ብቻ ይሁን፣ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ቅጣት፣ ሦስተኛ ጊዜ ፈቃድ መሰረዝ። ያን ጊዜ ማንም ቤት ለቤት እየዞረ ዶሮ አይቆጥርም።

7. አባላቱን አንድ በአንድ አግኙ

ውሳኔው የሚበስለው ከስብሰባው በፊት ነው። እያንዳንዱን አባል ከራሱ የምርጫ ክልል የመጣ ሰው ያግኘው። ሃያ ደቂቃ ጠይቁ፣ አሥራ አምስቱን ተጠቀሙ። አንድ ገጽ ስጡ፦ ምን እንጠይቃለን፣ የትኛው አንቀጽ ይቀየራል፣ ቅሬታ ቢመጣ ምን ይደረጋል። መጨረሻ ላይ በግልጽ «ሊደግፉን ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አስብበታለሁ» ካሉ «ለመወሰን ምን ይጎድልዎታል?» በሉ። መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ይደግፋል፣ ይቃወማል፣ አልወሰነም። ጉልበታችሁን ባልወሰኑት ላይ አውሉ። ረቂቁን የሚያቀርበው አባል ደግሞ ዶሮ ወዳድ ተብሎ የሚታወቅ ባይሆን ይመረጣል፤ ባልደረቦቹ የሚያከብሩትና ቁጥብ የሚባል ሰው ሲያቀርበው ሌሎቹ ይከተላሉ።

8. በሕዝብ መድረኩ ቀን

ዶሮ ይዛችሁ አትሂዱ። የዶሮ ቆብ አድርጋችሁም አትሂዱ። ካሜራው ይወደዋል፤ ጉዳዩ ግን ለሳቅ ይዳረጋል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ መስጠት የተለመደ ነው፤ በቤት በሰዓት እየያዛችሁ ተለማመዱት። ተናጋሪዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር አይድገሙ። አንዱ ስለ ደንቡ፣ ሐኪሙ ስለ በሽታ፣ ዶሮ የማይፈልገው ጎረቤት ስለ ራሱ ይናገር። አከፋፈቱ ይህን ይምሰል፦

«የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ስሜ ይህ ነው፣ የምኖረው በዚህ ሰፈር ነው። የምንጠይቀው አራት ሴት ዶሮ፣ ያለ አውራ፣ በተመዘገበ ጓሮ ነው። በሦስት ደቂቃዬ ስለ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ ስለ ሽታ።»

ተቃዋሚ ሲናገር አታጉረምርሙ፣ አትሳቁ። በእርጋታ ጻፉ። ተራችሁ ሲደርስ ስሙን በክብር ጠርታችሁ ጥያቄውን መልሱ። አባላቱ የሚያዩት ክርክሩን ብቻ አይደለም፤ ነገ ቅሬታ ሲመጣ እንዴት ዓይነት ጎረቤት እንደምትሆኑም ያያሉ።

9. ሲደራደሩ ምኑ ይሰጣል፣ ምኑ አይሰጥም

ቁጥሩ ከስድስት ወደ አራት ቢወርድ ተቀበሉ። የሥልጠና ግዴታ ቢጨመር ተቀበሉ። የሙከራ ጊዜ ቢባልም ተቀበሉ፤ የካናዳዋ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረችው በተወሰኑ ወረዳዎች ብቻ ነበር። ግን ሙከራው የሚለካበትን አስቀድማችሁ አስጽፉ፦ ስንት ቅሬታ ሲደርስ ነው አልተሳካም የሚባለው? ሪፖርቱ መቼ ይቀርባል? ሙከራው ቢያበቃ የተመዘገቡት ዶሮዎች ምን ይሆናሉ? ይህ ካልተጻፈ ሁለት ዓመት ደክማችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

እሺ የማይባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማንም የማያሟላው ርቀት ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ጎረቤት የጽሑፍ ስምምነት ነው። ሁለተኛው ጥሩ ይመስላል፤ ግን በአጥር ጉዳይ የተኳረፈ አንድ ሰው ብቻውን ሊከለክላችሁ ይችላል ማለት ነው። በምትኩ ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅን አቅርቡ፤ ያውቃሉ፣ ቅሬታ የት እንደሚያቀርቡ ይነገራቸዋል፣ የመከልከል ሥልጣን ግን አይኖራቸውም።

10. ከድምፁ በኋላ

ካለፈ፣ ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ዶሮ አትግዙ። በመጀመሪያው ወር ለአዲስ አርቢዎች ስልጠና አዘጋጁ፤ የእንስሳት ሐኪሙን ጥሩ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ለደንብ አስከባሪው ይስጥ፦ «ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ደውሉልን፣ ሄደን እናያለን።» በስድስተኛው ወር የተመዘገቡትን ብዛት፣ የደረሰውን ቅሬታና የተፈታበትን መንገድ በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለሁሉም አባላት ላኩ፤ የተቃወሙትንም ጨምሮ።

ከወደቀ፣ የተቃወሙትን አባላት በሳምንቱ ሄዳችሁ ምክንያታቸውን ጠይቁ። ያንኑ ጉዳይ መልሶ ለማቅረብ የሚጠበቅበትን ጊዜ ከጸሐፊው ተረዱ። ድምፁ የጠፋው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ከሆነ የእነዚያን ሰዎች ቅሬታ የሚመልስ አንቀጽ ጨምሩና በሚቀጥለው ዙር አስገቡት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የምርጫ ጊዜውን ተመልከቱ፤ አዲስ እጩዎችን ከመመረጣቸው በፊት አግኝታችሁ አቋማቸውን በጽሑፍ ጠይቁ።